ለሁለት ቀን የተወሰደው ዛጎል

ሰኞ 3

የዘንድሮው የጌጣጌጥ ውድድር ርዕስ «ባሕር» ነው። ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት በወርቅ ሠሪዎች ማኅበር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ከዚህ እስከ ባሕር በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከአርባ ሦስቱ የማኅበሩ አባላት ባሕር ያየ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ አላየሁም። ሆኖም ሰሌዳው ሥር ቆመን ሁላችንም ዕድሜውን በመርከብ ላይ እንደጨረሰ ሰው ራሳችንን ስንነቀንቅ ነበር።

ማዕበል «ጊዜዬ ደረሰ» አለኝ። ባልደረባችንን ማዕበል የምንለው የሠራው ሁሉ፣ ቀለበቱም አምባሩም ጉትቻውም፣ ጠርዙ ስለሚጠማዘዝ ነው። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ሰውየው ወደ ርዕሱ አልሄደም፤ ርዕሱ ራርቶለት ወደ እሱ መጣ።

አሸናፊው ሥራ በማኅበሩ አዳራሽ፣ በቋሚው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከነሠሪው ስም ለዘላለም ይቀመጣል። ስድስት ጊዜ ተወዳድሬያለሁ። ስድስቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ማጣሪያ አላለፍኩም። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እስካሁን ስሜ የተጻፈው ከሱቄ በር በላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ፊደል ረግፎበታል።

ሐሙስ 6

እትዬን ስለ ባሕር ጠየቅኳት።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው። የፊት ለፊቱ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። በወዲያ በኩል እሷ የሰው መጋረጃና አልጋ ልብስ ትሰፋለች፤ በወዲህ በኩል እኔ ብር እቀጠቅጣለሁ። በወጣትነቷ ሁለት ዓመት ወደብ ከተማ ኖራለች። ከቤታችን ባሕር ያየችው እሷ ብቻ ናት።

«ባሕር ምን ይመስላል?»

«ይሸታል።»

«ምን ምን?»

«ናፍጣ።»

«ሁለት ዓመት ኖረሽ የምትነግሪኝ ይሄን ብቻ ነው?»

በመርፌዋ ክር እያስገባች፣ «ሃያ ስምንት ዓመት አልጠየቅከኝም። ዛሬ ምን ተገኘ?» አለች።

ውድድር መኖሩን ነገርኳት።

«እኮ» አለች።

ናፍጣ በብር አይሠራም።

ማክሰኞ 11

ሦስት ሙከራ። አንደኛው ዓሣ ነበር፤ ሲያልቅ ማንኪያ ሆነ። ሁለተኛው መልሕቅ፤ የዘበኛ ኮት ቁልፍ መሰለ። ሦስተኛው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ዓሣ ነው። እትዬ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ አየችውና «ለፖሊስ ነው?» አለች።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይሄንን።

ከሰዓት የቀለበቷ ሴትዮ መጣች። በየወሩ ቀለበቷን አስፋልኝ ትላለች። «ወርቁ ይጠባል መሰለኝ» አለች ዛሬም። ወርቅ እንደማይጠብ ላስረዳት ብዬ ጣቷን አየሁና ተውኩት። አሰፋሁላት። ሙያዬ ይሄ ነው፤ የሰው ጣት ሲወፍር ጥፋቱን ወርቁ ላይ ማላከክ።

ቅዳሜ 15

እትዬ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ስፒል የምታስቀምጥበት ዛጎል አላት። ከወደብ ስትመለስ ከአንድ ሻንጣ ጋር ይዛው የመጣችው ነው። መዳፍ ያህላል። ጀርባው አመድማና ሻካራ ነው፤ ሆዱ ግን ስም የሌለው ቀለም አለው፣ በሮዝና በብር መሀል። በየቀኑ ሳየው ነው የኖርኩት፤ ልብ ብዬ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።

ገበያ ስትወጣ ወሰድኩት። ስፒሎቹን እንዳይበተኑባት በወረቀት ላይ አስቀመጥኩላት። ቅርጹን በሰም ወስጄ በብር ለመገልበጥ ብቻ ነው የፈለግኩት። ለሁለት ቀን።

መጠየቅ ነበረብኝ። ግን መጠየቅ ነገሩን ያከብደዋል። የስፒል ማስቀመጫ ነው።

ሰኞ 17

ሁለት ቀን አልበቃም። ሰሙ ተሰነጠቀ።

እትዬ ስፒሎቿን በማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ አድርጋ ስትሠራ አየኋት። ምንም አላለችም። አላስተዋለችም ማለት ነው።

ረቡዕ 19

የብር ግልባጩ ተሳካ። ልክ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሞቷል። የመታጠቢያ ቤት ሳሙና ማስቀመጫ ነው የሚመስለው።

ዛጎሉን ራሱን ለግልባጩ በሠራሁት የብር ማቀፊያ ላይ አስቀምጬ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ከዚያ በኋላ ግልባጩን ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ እውነተኛውን እጠቀማለሁ። የደረት ጌጥ ይሆናል፤ በአምስት የብር ጥፍር ይያዛል። ውድድሩ ሲያልቅ ጥፍሮቹን ከፍቶ ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከነስፒሉ ቦታው ይመለሳል።

እርግጥ ያሸነፈ ሥራ ከሣጥኑ አይወጣም። እኔ ደግሞ መቼ አሸንፌ አውቃለሁ።

ዓርብ 21

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰብስቦን ስለ ሐተታ አስተማረን። እያንዳንዱ ሥራ ከሐተታ ጋር ይቀርባል። «ጽንሰ ሐሳብ የሌለው ጌጥ ብረት ነው» አለ። ሊቀ መንበሩ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ ወረንጦ ከያዘ አሥራ አምስት ዓመት ያልፈዋል፤ ጽንሰ ሐሳብ እጅ አያቃጥልም።

አምና ያሸነፈው የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ነበር፤ ሐተታው ስድስት ገጽ። ቧንቧውን የሚያስታውስ የለም፤ ሐተታውን የጨረሰ የለም።

ማዕበል እጁን አውጥቶ «ማዕበል ማዕበል ነው ብዬ ብጽፍስ?» አለ። ሳቅንበት። እኔ ከሁሉ በላይ ሳቅኩ።

እሑድ 23

የሰው ወሬ መስማት አልወድም። መጋረጃ ግን ግድግዳ አይደለም።

ጎረቤታችን ነርሷ መጋረጃ ልታሰፋ ወደ እትዬ መጥታ ነበር። ትንሽ እንደቆየች፣ «እንዴ፣ ያ የሚያምረው ዛጎልሽ የታለ?» አለቻት።

«ተውሰውኝ ነው።»

«ስፒል ማስቀመጫም ይዋሳሉ?»

«ይዋሳሉ። የሚመልስ ሰው ነው። ይቆያል እንጂ።»

«ከየት ነው ግን ያገኘሽው?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «መካኒኩ ነው ከባሕሩ ያወጣልኝ» አለች እትዬ። «ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ። ቀለበት እስክገዛልሽ ድረስ ይሄን ያዢ አለኝ።»

ሞረዴን አንስቼ መሞረድ ጀመርኩ። ሞረድ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም።

ስለ መካኒኩ የማውቀው ትንሽ ነው። የመርከብ ሞተር ይጠግን ነበር። አባታችን ሲታመም «ለአንድ ወር ብቻ ነይ» ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሙያ እየተማርኩ ስለነበር አባታችንን ላስታምም አልችልም ነበር። ወሩ ረዘመ። ሰውየው ከአንዱ መርከብ ጋር ሄደ መሰለኝ። አልጠየቅኳትም፤ እሷም አላወራችኝም። እትዬ ሆድ ይፍጀው ከሚሉት ወገን ናት።

«ተውሰውኝ» ማለቷ ደግ ነው። ቃሉም ልክ ነው።

ሐሙስ 27

አሲድ ውስጥ ከተትኩት።

እንደገና ልጻፈው፤ እንዴት እንደሆነ ራሴም ልየው። ጌጡ አልቆ ነበር። ዛጎሉ ተቀምጧል፣ አምስቱ ጥፍሮች ተዘግተዋል። የብሩ ጠርዝ ላይ እሳት የተወው ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። እኛ እሳት የነካውን ብር በሞቀ አሲድ ነው የምናጸዳው። ብየዳ፣ ውሃ፣ አሲድ፣ ውሃ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት፤ እጄ እኔን ማማከር ካቆመ ቆይቷል። ጌጡን ከነዛጎሉ ጨመረው። በዚህ መሀል የቀለበቷ ሴትዮ ገባች። ዛሬ ደግሞ ቀለበቷ ሰፍቶባታል። አርባ ደቂቃ አወራችኝ።

ስመለስ ሣህኑ አረፋ ይደፍቃል።

ዛጎል ማለት ኖራ ነው። ኖራ አሲድ ውስጥ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ወርቅ ሠሪ የለም። እኔ ራሴ ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ፤ «መጀመሪያ አሲድ፣ ድንጋይና ዛጎል መጨረሻ» እያልኩ፣ ጣቴን ቀስሬ።

በወረንጦ አወጣሁት። አመድማው ጀርባ የለም። ሦስት ቦታ ተበስቷል። ጠርዙ ተበልቶ እንደ ጥልፍ ሆኗል። የቀረው ከጣት ጥፍር ይሳሳል። ወደ መስኮቱ ሳነሳው ቀለሙ ከሆዱ ወደ ጀርባው አልፎ ይታያል። በዕድሜዬ ከእጄ የወጣ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር የለም። እሱንም አልሠራሁትም።

እትዬ ከመጋረጃው ወዲያ «ምንድነው የሚሸተው?» አለች።

«አሲድ ነው።»

«በሩን ክፈተው» አለች።

ከፈትኩት።

ዓርብ 28

ሐተታ ጻፍኩ። ስስቅባቸው የነበሩትን ሁሉ በአንድ ገጽ አስከነዳኋቸው።

«ባሕር የሰጠውን ባሕር መልሶ ይበላዋል። ይህን ዛጎል ለአርባ ቀን በጨው ውሃ ዘፍዝፌ የጊዜን ጥርስ ጠበቅኩ» ይላል። አርባ ደቂቃውን አርባ ቀን አደረግኩት። ቁጥሩ ላይ አልዋሸሁም፤ መለኪያው ላይ ነው።

ውድድሩ ከታወጀ ሃያ አምስት ቀኑ ነው። ይሄን የሚያሰላ አይኖርም። ሐተታ የሚያነብ ሰው ሒሳብ አይሠራም።

ከቅጹ ላይ «ከባሕር የተገኘ ነገር ካለ ምንጩ ይገለጽ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። «የቤተሰብ ንብረት» ብዬ ሞላሁ። ይሄም ቢሆን ውሸት አይደለም።

እሑድ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ 29

አስረከብኩ።

እሑድ 30

እትዬ ራሷን አሟት ነበር። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ሐሙስ 4

ማጣሪያውን አልፌያለሁ። ሰባት ሥራዎች ለዐውደ ርእይ ተመርጠዋል። ከእነሱ አንዱ የእኔ ነው። ማዕበል አላለፈም።

ለእትዬ «አለፍኩ» አልኳት።

«ምን ሠርተህ?»

«ባሕር።»

«ናፍጣ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አላዩትም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ያኔ መንገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ «የማርማላታ ክዳኑ አይጠብሽም?» የሚል ወጣ። «ለምጄዋለሁ» አለች።

ሰኞ 8

ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። ሊቀ መንበሩ ሐተታዬን ድምፁን ወፍራም አድርጎ ለእንግዶቹ አነበበው። «አርባ ቀን» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። አንዲት ሴት አጠገቤ «ትዕግሥቱ ነው የሚገርመው» አለች ለጓደኛዋ። ሰውነቴን አሳከከኝ።

ሰዉ ሲቀንስ ማዕበል መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሣጥኑ ላይ አጎነበሰ። ቀና ሳይል፣ «ስንት ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የቆየው።»

«አርባ ቀን። ተጽፏል እኮ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ደቂቃውን ነው የምጠይቅህ።»

ዙሪያዬን አየሁ። «አርባ።»

«ሞቆ ነበር?»

«ሞቆ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የሚስቴን ዕንቁ ከትቻለሁ። የሠርጓን። ሩብ ሰዓት ነው የቆየው። ላብሽ ነው ያደበዘዘው አልኳት።»

«አመነችህ?»

«እንጃ። ሳትነግረኝ ሞተች።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የምመልስለት አላጣም ነበር። ሲሄድ «የማን ነው ዛጎሉ?» አለ። የቤተሰብ ነው አልኩት። «እ» አለ፣ «እኔም እንደሱ ነበር የምለው።»

በዚህ ሰው ሥራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስቄያለሁ። ማዕበሎቹ ዛሬም አያምሩም። ሆኖም።

ማክሰኞ 9

ሊቀ መንበሩ ደወለ። ዳኞቹ የእኔን ሥራ አንደኛ አድርገዋል። ቅዳሜ ይነገራል፤ እስከዚያ በሆዴ እንድይዘው አሳሰበኝ።

«አንዲት ትንሽ ፎርማሊቲ ቀርታለች» አለ። «‹የቤተሰብ ንብረት› አይበቃም። ሥራው በቋሚነት እዚህ ስለሚቀር ዛጎሉን የሰጠው ሰው ከየት እንዳገኘው በራሱ እጅ ጽፎ፣ ለዘላለም መስጠቱን ይፈርም። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት። አለበለዚያ ሽልማቱ ለሁለተኛው ያልፋል።»

ሁለተኛው የብር ሸርጣን ነው። አንድ እግር ጎድሎታል፤ ሐተታው ይህንን «መቅረት» ብሎታል።

ቅጹን ይዤ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«እትዬ፣ ያ ዛጎል…»

«እ?»

«ውድድሩ ላይ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስፒሎቼን ወረቀት ላይ በየቁመታቸው ደርድረህልኝ ነው የሄድከው። ሌባ እንደዚህ አያደርግም። ወርቅ ሠሪ ነው እንደዚህ የሚያደርገው።»

«ትንሽ ተጎድቷል።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ሳስቷል።»

መነጽሯን አድርጋ ቅጹን አነበበች፤ ከላይ እስከ ታች፣ የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ሳይቀር። ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች።

«‹ሰጪ› ይላል።»

«ፎርማሊቲ ነው።»

«መቼ ነው የሰጠሁህ?»

የማርማላታ ክዳኑን አየሁ።

«‹ለዘላለም› ይላል ደግሞ። አንተ ስትወስደው ለስንት ቀን ብለህ ነበር?»

«ለሁለት ቀን።»

ሳቀች። ስታሾፍ የምትስቀው ሳቅ አይደለም፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቀችው። መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ጠረገች።

«አንተና ቀን» አለች።

ስለየትኛው ቀን እንደምትናገር አልጠየቅኳትም።

«ዓርብ ነው የመጨረሻው?»

«ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት።»

«እስከ ዓርብ የነርሷ መጋረጃ አለብኝ» አለችና የስፌት መኪናዋን አስነሳች።

ረቡዕ 10

እትዬ ጠዋት ጥሩ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። የት እንደሆነ አልተናገረችም። ከቀትር በፊት ተመልሳ ቁጭ ብላ ሰፋች።

ከሰዓት ማዕበል በሱቄ ሲያልፍ ገባና፣ ወደ መጋረጃው እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህትህ አዳራሹ መጥታ ነበር።»

«ምን አለች?»

«መስታወቱ የሰው ጣት በዝቶበታል ብላ በመሀረቧ ጠረገችው። ሐተታህን አነበበች። መልሳ አነበበችው። ከዚያ ጠባቂውን ‹አርባ ቀን የሚለው ልክ ነው?› አለችው። ‹እኔ የተጻፈውን ነው የምጠብቀው› አላት።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ቆመች።»

«ምን ያህል?»

«እኔ ያንተ ደቂቃ ቆጣሪ ነኝ?» አለና ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ስትወጣ ግን እጇን እንዲህ አድርጋ ነበር» አለኝ። መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አሳየኝ፤ ውሃ እንደሚይዝ ሰው።

ሐሙስ 11

ጠዋት ለሊቀ መንበሩ ደወልኩ። በሐተታው አርባ ቀን የተባለው አርባ ደቂቃ፣ የጨው ውሃ የተባለው አሲድ ተብሎ ይታረምልኝ አልኩት።

«ለምን?»

«ስሕተት ስለነበር። ማለቴ፣ ሥራው ራሱ ስሕተት ነበር።»

«ይሄ እኮ ጽንሰ ሐሳቡን ይገድለዋል» አለ። ከዚያ አሰብ አደረገና፣ «ቆይ። ስሕተት… ስሕተት ራሱም ጽንሰ ሐሳብ ነው። ሁለት ገጽ ልትጽፍልኝ ትችላለህ?»

አልችልም አልኩት። አንድ መስመር ነው ያለኝ። «አሳዛኝ ነው» አለኝ፤ ይታረም እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ለእትዬም ሌላ ነገር ልነግራት ሄጄ ነበር። ፈልጋ ካልሆነ እንዳትፈርም፤ ቅዳሜ ሣጥኑን አስከፍቼ የቀረውን አምጥቼ እንደምሰጣት። ግማሹን ተናገርኩ።

«የቀረውን?» አለች።

«የቀረውን።»

«ስፒል ይይዛል?»

«አይይዝም። ይወድቃል በቀዳዳው።»

«እሺ» አለች። እሺ ያለችው የቱን እንደሆነ አላውቅም።

ቅጹ ማክሰኞ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ የማርማላታ ክዳኑ ከነስፒሎቹ ላዩ ላይ ተቀምጧል። የነርሷ መጋረጃ አልቆ ታጥፎ ወንበር ላይ አለ።

ምሳ በልቼ ስመለስ ብዕሬ ጠረጴዛዬ ላይ አልነበረም። ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ከጠፋ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። ሳትጠይቀኝ ነው የወሰደችው። እኔም መልሺልኝ አላልኳትም፤ ይህን የምጽፈው በእርሳስ ነው።

ነገ ዓርብ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት።